ክፍሉን ይዞ ወደ ሜከርስፔስ መሄድ ለመምህሩስ ምን ይጠቅመዋል?

አዌቱ ዳር (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጅማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ሴክሽን ይዤ በከተማችን ወደሚገኝ ሜከርስፔስ ለመሄድ አስቤያለሁ። ስሙን ለማያውቁት ለመግለጽ ያህል፣ ስሪዲ ፕሪንተር (በኮምፒውተር የተነደፈን ዕቃ ከፕላስቲክ የሚያትም ማሽን)፣ የሌዘር መቁረጫ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃና የእንጨት መሥሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው፣ ሰው ያሰበውን ነገር ባለሙያ እየረዳው በገዛ እጁ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነው።

ተማሪዎቼ 58 ናቸው። መንገዱ ሩቅ ስላልሆነ ትራንስፖርት አያሳስበኝም፤ ዝናብ ካልጣለ በእግር እንሄዳለን። (በጅማ «ዝናብ ካልጣለ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን እናንተም ታውቁታላችሁ።) ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የፈቃድ ጥያቄዬን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ስገባ፣ በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ «ተማሪዎቹ እንደሚደሰቱ አልጠራጠርም፤ ከክፍል የሚያወጣቸው ነገር ሁሉ ያስደስታቸዋል። አንተ ግን ከዚያ ምን ይዘህ ትመለሳለህ? በማግስቱ ሰሌዳ ፊት ስትቆም ከትናንቱ የተለየ ምን ታደርጋለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስለ ተማሪዎቹ ተነሳሽነትና ስለ ፈጠራ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ስለ ራሴ ግን አንድም መልስ አላገኘሁም።

ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሽ ቀን መውጣት ማለት የእኔን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን የሌሎች ሦስት መምህራንን ክፍለ ጊዜ መውሰድ ነው፤ የሒሳቡና የኬሚስትሪው መምህር ምዕራፍ ለመጨረስ እንዴት እንደሚሯሯጡ ስለማውቅ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረኝ ላስቸግራቸው አልፈልግም። ስለዚህ ክፍል ይዛችሁ እንዲህ ወዳለ ቦታ የሄዳችሁ መምህራን ካላችሁ፣ ተማሪዎቹ ያገኙትን ለጊዜው ትታችሁ፣ እናንተ ራሳችሁ ምን እንዳገኛችሁ፣ ምንም ካላገኛችሁም ምን እንደ ጎደለ ብትነግሩኝ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።


መምህርት፣ ከጅሬን በታች

መምህር፣ ርዕሰ መምህርዎ የጠየቁዎትን ጥያቄ እኔንም ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ባላባከንኩ ነበር። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱ ጉብኝቶች በስም እንጂ በሥራ አይገናኙም።

በመጀመሪያው ጊዜ ከ60 በላይ ተማሪ ይዤ ሄድኩ። ሁሉም አንዱን ስሪዲ ፕሪንተር ከበቡት፤ ከፊት ያሉት አሥሩ ማሽኑን ያያሉ፣ ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን ጀርባ ያያሉ። ማሽኑ ቀጭን የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ ንብርብሮችን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ አንዲት የቁልፍ መያዣ ለመጨረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀበት። እስከዚያ ድረስ አብዛኞቹ ግቢው ውስጥ ፎቶ ይነሱ ነበር። እኔም ስም እየጠራሁ ልጅ ስቆጥር ዋልኩ። ስመለስ ሪፖርቴ ላይ «ተማሪዎች ዘመናዊ ቴክኖሎጂን ጎብኝተው ግንዛቤ አግኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ምን ግንዛቤ እንደሆነ የጠየቀኝ ስላልነበረ በዚያው አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ግን ተማሪዎቹን ከመውሰዴ በፊት ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። እዚያ ያለው ልጅ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ መብራት፣ ጥቂት ሽቦና ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) አቀረበልኝና «በሉ ያብሩት» አለኝ። ኤልኢዲዋን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘኋት። ለቅጽበት ቦግ አለችና ጠፋች፤ አቃጠልኳት። የኦምን ሕግ 11 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ቀይ ኤልኢዲ በግምት 2 ቮልት ለራሷ ትወስዳለች፤ የቀረውን 7 ቮልት ፍሰቱን የሚገድበው ዕቃ፣ ሬዚስተሩ፣ ይሸከማል። የሚያልፈው ፍሰት 20 ሚሊአምፒር፣ ማለትም 0.02 አምፒር እንዲሆን ከተፈለገ፣ 7 ለ0.02 ሲካፈል 350 ኦም ይመጣል። ደስ ብሎኝ መሳቢያውን ስከፍት 350 ኦም የሚባል ሬዚስተር የለም! 330 አለ፣ 390 አለ። ለካስ ፋብሪካዎች ሬዚስተር የሚያመርቱት በተወሰኑ ደረጃዎች ነው፤ ትክክለኛውን መልስ ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ለትክክለኛው መልስ የሚቀርበውን መምረጥና በመረጥኩት ፍሰቱ ስንት እንደሚሆን ተመልሼ ማስላት ነበረብኝ። መጠኑን የሚነግሩት ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ ቀለበቶች ያሉበትን 330 ወሰድኩ። ፍሰቱ 21 ሚሊአምፒር ገደማ ሆነ፤ መብራቷም በራች።

ይህንኑ ሥራ ለተማሪዎቼ ስሰጥ፣ ይዤ የሄድኩት 24 ልጅ ብቻ ነበር፤ የቀሩት በሌላ ሳምንት ተራቸው ደረሰ። የሁልጊዜ የክፍሉ አንደኛ የሆነው ልጅ ደብተሩን አውጥቶ «የተሰጠ» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ 9 ቮልት ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ቆመ። ቆየት ብሎ ጠራኝና «መምህርት፣ ሬዚስታንሱ አልተሰጠም» አለኝ። ቅሬታ ነበር፤ በጥያቄው ላይ ስሕተት ያገኘ መስሎት ነው። እኔ የደነገጥኩት ልጁ ትክክል ስለነበረ ነው። በእኔ ፈተና ውስጥ ያልተሰጠ ነገር ኖሮ አያውቅም። የተሰጠ፣ የሚፈለግ፣ መፍትሔ፤ ከሦስቱ ሁለቱን እሰጣለሁ፣ ሦስተኛውን ያመጣሉ። ምን እንደሚያስፈልግ መወሰንን፣ ካለው ውስጥ መምረጥን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ስለዚህ ርዕሰ መምህርዎ «በማግስቱ ምን ትለውጣለህ?» ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ጥያቄ የማወጣበትን መንገድ ለወጥኩ። አሁን በየፈተናው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ተማሪው ራሱ የጎደለውን የሚመርጥበት አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ በጣም ተቆጡ፤ አንዳንዶቹ አሁንም አልለመዱትም። ወጪውንም ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ሁለቱ ቅዳሜዎች የራሴ ቅዳሜዎች ነበሩ፤ አበልም ምስጋናም አልነበራቸውም። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማኅደሬ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።


የወርክሾፕ ሰው

እኔ መምህር አይደለሁም፤ እንዲህ ባለ ወርክሾፕ ውስጥ በቴክኒሻንነት የምሠራ ሰው ነኝ። መምህርቷ የጻፉትን ሳነብ የብዙ ቡድኖች ጉብኝት በዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ ስለዚህ ከእኛ በኩል ያለውን ልጨምር።

አብዛኛው መምህር ተማሪዎቹን በር ላይ ያስረክበንና ከኋላ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ስልክ ይደውላል፣ ፈተና የሚያርምም አለ። አልፈርድባቸውም፤ ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ሰው ሌላ የሚያስተምርለት ሲያገኝ ማረፉ ያለ ነው። ነገር ግን እኔ ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ልጆቹ የማውቀው የለም። ባለፈው ሳምንት ምን እንደ ተማሩ፣ የትኛው ምዕራፍ እንዳስቸገራቸው፣ ማን ከማን ጋር ቢቀመጥ እንደሚሠራ የሚያውቀው መምህሩ ነው። መምህሩ ከተቀመጠ የእኔ ሥራ ማስጎብኘት ሆኖ ይቀራል፤ ቀድሞ መጥቶ ከሠራ ግን እኔ መሣሪያውን እይዛለሁ፣ እሱ ትምህርቱን ይይዛል።

58 ተማሪ በአንድ ጊዜ እንዳያመጡብን አደራ። ቀላል ሒሳብ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ አንዲት 20 ደቂቃ የምትፈጅ ትንሽ ዕቃ ቢያትም፣ 58 ሲባዛ በ20 ወደ 19 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል፤ ያውም አንድም ሕትመት ሳይበላሽ፣ መብራትም ሳይጠፋ። በሕትመት መሐል መብራት ከጠፋ ብዙ ጊዜ የተጀመረው ዕቃ ይጣላል። ስለዚህ ስሪዲ ፕሪንተርን የጉብኝቱ ማዕከል አያድርጉት። መምህሩ ቀደም ብሎ ያሳተመውን ዕቃ ይዞ ቢመጣና ልጆቹ በካሊፐር (ትንሽ ርዝመት በትክክል በሚለካ መሣሪያ) እየለኩ ሥዕሉ ላይ ካለው መጠን ጋር ቢያነጻጽሩት፣ ማሽኑ ሲሠራ ቆሞ ከማየት የበለጠ ይማሩበታል፤ 20 ሚሊሜትር ተብሎ የታዘዘ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ያያሉ። ለምን እንደሚጠብ ማስረዳቱን ለመምህሩ እተዋለሁ።

ስለ ደኅንነት አንድ ሁለት ነገር ልበል። በድሪል አጠገብ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ረጅም ፀጉርና ሰፊ እጅጌ አይፈቀድም፤ ጓንትም ጭምር፤ የሚሽከረከር ብረት ጨርቁን ከያዘ እጅንም ይዞ ይሄዳል። ይህንን ከቤታቸው ሳይወጡ ይንገሯቸው፤ እኛ በር ላይ ሻርፕ አውልቂ ስንል ልጅቷም ታፍራለች፣ እኛም እናፍራለን። ለሌዘር መቁረጫው ከቤት ፕላስቲክ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ፒቪሲ ከሆነ ፈጽሞ አንቆርጠውም፣ ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሳንባንም ማሽኑንም ያበላሻል። ካርቶንና ስስ ጣውላ ይበቃል። ኤሌክትሮኒክስ የበየዱ ልጆች ደግሞ ዳቦ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ለመበየድ የሚቀልጠው ብረት እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል።


የሒሳብ መምህር፣ ሒርማታ

እኔ ለጡረታ ጥቂት የቀረኝ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ጠያቂው «የሒሳቡ መምህር ምዕራፍ ለመጨረስ ይሯሯጣል» ያሉት ሰው ማለት ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ብቃወም ቅር አይበላችሁ።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይረዳል። ሲይሞር ፓፐርት የተባሉት የሒሳብ ሊቅ በጄኔቫ ከልጆች አስተሳሰብ ተመራማሪው ከፒያዤ ጋር ሠርተው ወደ አሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ከተሻገሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ አወጡ፤ ልጅ የሚታይ ነገር ሲሠራ ዕውቀቱንም አብሮ ይገነባል የሚል እምነት ነበራቸው። በዚያው ተቋም ኒል ጌርሸንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሞላ ጎደል ማንኛውንም ነገር ስለ መሥራት አንድ ኮርስ ከፈቱ፤ ጥቂት ተመራማሪ ተማሪዎች ሲጠብቁ ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው መጣባቸው። ፋብላብ የሚባሉት ወርክሾፖች የወጡት ከዚያ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ፓፐርትም ሆኑ ጌርሸንፌልድ ሥራው በተደጋጋሚ፣ በረጅም ጊዜ እንዲሠራ እንጂ በዓመት አንድ ግማሽ ቀን እንዲጎበኝ አላሰቡም።

የእኔ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ቢማር እንኳ ተመልሶ የሚገባው ወዴት ነው? በእኔ ትምህርት ቤት በር ላይ «የትምህርት መርጃ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ክፍል አለ። ውስጡ በመምህራንና በተማሪዎች እጅ የተሠሩ ከእንጨት የተጠረቡ ጂኦሜትሪያዊ ቅርጾች፣ ከካርቶን የተሠራ ሉል፣ የሽቦ ሚዛን ነበሩ። ክፍሉ አሁን ተቆልፏል፤ ዕቃው እንዳይበላሽ ተብሎ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ፎርም ይጠይቃል፣ ፎርሙን የሚፈርሙት ሰው ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሜከርስፔስ ለመጎብኘት ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን በር የሚያስከፍት ደብዳቤ ጻፉ ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

ሌላም አለ። ጅማ ለሠሪ ሰው መቼ ቸግሯት ያውቃል? ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚሠሩት ሰዎች እዚሁ በአጠገባችን ናቸው። ያን በርጩማ ይዤ ክፍል ገብቼ አውቃለሁ። በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉ፤ ስለዚህ ባለ ሦስት እግሩ ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አይንገዳገድም፣ ባለ አራት እግሩ ግን አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል። ታዲያ ለምን ሁሉም ወንበር ባለ ሦስት እግር አልሆነም? እግሮቹ ከመሐሉ በእኩል ርቀት ቢቆሙ፣ ከመሐል እግሮቹ እስከሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ጎን ያለው ርቀት ከመሐል እስከ እግሩ ያለው ርቀት ግማሽ ብቻ ነው፤ በአራት እግር ግን ወደ 71 በመቶ ይደርሳል። ባለ ሦስቱ አይንገዳገድም፣ ነገር ግን ወደ ጎን ሲዘነበሉበት ቶሎ ይጥላል። ለዚህ ትምህርት ያወጣሁት የበርጩማውን ዋጋ ብቻ ነው፤ በርጩማው ዛሬም ቤቴ አለ፣ ቡና እጠጣበታለሁ።


መምህርት፣ ከጅሬን በታች

የሒሳቡ መምህር ስለ ተቆለፈው ክፍል የተናገሩት የእኛም ቤት ታሪክ ስለሆነ አልከራከርም። ስለ በርጩማው ግን አንድ ነገር ልበል። አናጺው የሚኖረው በዚያ እንጨት ነው፤ ተማሪዬ በመሮ ስታ ዋንዛውን ብትሰነጥቅበት ኪሳራው የእሱ ነው፤ ስለዚህ ያሳያታል እንጂ መሮውን አይሰጣትም፣ ባይሰጣትም ልክ ነው። የሜከርስፔስ ጥቅም የምትበላሸው ኤልኢዲ ማንንም የማታስርብ መሆኗ ነው። እኔ ያንን ያቃጠልኳትን ባላቃጥል ኖሮ ምንም አልማርም ነበር። የእርስዎን የ71 በመቶ ሒሳብ ግን በፈቃድዎ ለ10ኛ ክፍሎቼ እወስደዋለሁ፤ የግትር አካላት ሚዛን የሚለው ምዕራፍ ላይ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ይህ ይሻለኛል።


አዌቱ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ካነበብኩ በኋላ ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ ነበር። የመምህርቷን ታሪክ ስላነበብኩ ኤልኢዲ እንደማላቃጥል እርግጠኛ ነበርኩ፤ አላቃጠልኩም፣ ነገር ግን እግሮቿን አገላብጬ ሰክቼ ሩብ ሰዓት ሙሉ ለምን አትበራም እያልኩ ባትሪውን ስወቅስ ቆየሁ። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ እንደሚሄድ ለተማሪዎቼ በቃል ነግሬያቸው አውቃለሁ።

ለርዕሰ መምህሩ ይዤ የገባሁት መልስ እንዲህ የሚል ነው። 58ቱን በሁለት ሳምንት እከፍላቸዋለሁ፤ በየቡድኑ 29 ይሆናሉ፤ ሁለቱም ቀኖች የሚመረጡት የእኔ ክፍለ ጊዜ በቀኑ መጨረሻ ላይ በሚውልበት ዕለት በመሆኑ ከሌሎች መምህራን የምወስደው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በሌላ ቀን የእኔን ሰጥቼ እተካለሁ። ከጉብኝቱ በፊትና በኋላ ለሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት አጭር ጥያቄ እሰጣለሁ፤ ጥያቄው ላይ አንድ የሚያስፈልግ ቁጥር ሆን ብዬ አልሰጥም። ስንቱ «አልተሰጠም» ብሎ እንደሚያቆም፣ ስንቱ ደግሞ መርጦ እንደሚቀጥል ቆጥሬ ውጤቱን ለፊዚክስ ክፍሉ መምህራን አቀርባለሁ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና ፈረሙ። በእኛም ትምህርት ቤት የተቆለፈውን የትምህርት መርጃ ማዕከል በተመለከተ ጠይቄያቸው ነበር፤ እሱን በሌላ ጊዜ እናየዋለን ብለዋል።

የሒሳብ መምህር፣ በርጩማዎን ለአንድ ቀን ብንዋስ ይፈቅዱልናል?


የሒሳብ መምህር፣ ሒርማታ

በርጩማውን ውሰዱ። ልጆቹ ግን ሲዘነበሉበት አጠገባቸው ቁሙ፤ የ71 በመቶውን ነገር የነገርኳችሁ ለቀልድ አይደለም።


የወርክሾፕ ሰው

መምህር፣ ሁለቱንም ቀኖች መዝግበንልዎታል። አንድ ነገር ብቻ፤ የ330 ኦሙ ሬዚስተር አልቋል፣ እስከዚያ የሚገባልን አይመስለኝም። የቀረን 390 ነው፤ ፍሰቱ ወደ 18 ሚሊአምፒር ይወርዳል እንጂ መብራቷ ትበራለች። ለተማሪዎቹ ግን ቀድመው እንዳይነግሯቸው።